ስም አይመነዘርም

እስር ስል የዓሣ ነው፤ በደንገል የሚታሰር፣
ባህር ዳር ወደቡ ላይ ጠዋት የሚቆጠር።

ጋሽ ሙጨ ነበር የማኅበሩ ጸሐፊ፣
ቀን ዓሣ ቆጣሪ፣ ማታ ኮድ ለጣፊ፤
ራሱን ያስተማረ ገጹ ከጎደለ መጽሐፍ፣
ጃቫን በእርሳስ የሚሞክር በደረሰኝ ጠርዝ ጫፍ።
ጡረታ ወጥቶ ደልጊ ገባ፤
እኔ ማፑን ወረስኩ፣ ከነአቧራው ከነገለባ።
በአንድ ጎን የሰው ስም፣ በሌላ ጎን ቁጥር፦
ፈንታሁን፣ አርባ እስር። ይመኑሻል፣ ስድስት እስር።
ቁጥሩን እንኳ እንደ ጽሑፍ ነው ያስቀመጠው።
ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ዘንድሮ ደብዳቤ መጣ፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀ፣
«ከእንግዲህ በኪሎ» ይላል፤ እስር ቀረ፣ አለቀ።
ቀላል ይመስል ነበር፦ ቁጥሩን ሁሉ አውጥቶ፣
በአራት ተኩል አባዝቶ፣ በአዲሱ ተክቶ።
ግን መጋዘን ያለችው ያቺ አሮጌ ሚዛን፣
ደረሰኝ የምትተፋው እስር አንብባ ነው እስካሁን፤
ውስጡን ብነካባት ነገ ጧት ትሳሳታለች፣
የፈንታሁንን አርባ መቶ ሰማንያ እስር ትላለች።
ሁለት ማፕ ልያዝ ብል፣ አንዱ ኪሎ አንዱ እስር፣
ዓሣ በገባ ቁጥር አንዱ ሲሞላ አንዱ ሊቀር።
ሁለት ደብተር ያለው ነጋዴ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ጠቀለልኩት።
ቅጂ አይደለም፤ ልብ በሉ፣ ቅጂ አይደለም ያልኩት፤
ውስጡ ያው የጋሽ ሙጨ ነው፣ አንድ ቁጥር አልነካሁት።
ከላይ ቀጭን ልባስ አለ፣ በሩ ላይ የቆመ፣
ሲጠይቁት የሚነቃ፣ ሳይጠሩት ያልቀደመ።
«ፈንታሁን ስንት አለው?» ሲሉት ወደ ውስጥ ይሄዳል፣
አርባውን ይዞ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ያባዛል፤
«መቶ ሰማንያ ኪሎ» ይላል ሳይለወጥ ፊቱ፤
አርባው ግን እዚያው ነው፣ አልተነቃነቀም ከቤቱ።
ዘጠኝ ኪሎ ቀረሶ ይዞ አስገቢ ሲመጣ፣
ሁለት እስር አድርጎ ያቀብላል፣ ሳይቆጣ።
ይመኑሻል ግን ይመኑሻል ገብታ ይመኑሻል ትወጣለች።
ስም አይመነዘርም።

መብራት ሁለቴ ጠፋ፤
የዘጌ ጀልባ ጡሩምባ ነፋ፤
ሻላዎቹ ዓሣ ማጽጃው ደጅ ሆድዕቃ ይጠብቃሉ፣
አንገታቸውን ቀልሰው የእኔን ስህተት የሚቆጥሩ ይመስላሉ።
አሥር ኪሎ አስገብቼ መልሼ ብጠይቀው፣
ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ ብሎ መለሰው።
ሄዶ መመለስ እንደ ጀልባ ነው፤ ትንሽ ያስከፍላል።

ማታ ላይ ሁሉንም ስም በስም ሳስጠራ፣
ፕሮግራሙ ቀጥ አለ፤ ቀይ ጽሑፍ አበራ፦
ይህ ቁጥር አይደለም። የቢያድግልኝ ተራ።

ከፈትኩት። ቁጥር በሚገባበት ቦታ፣
«ታንኳው ተገኝቷል። እሱ ገና ነው» ይላል።
ቀኑ ሐምሌ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት።

ዜሮ ልለው ነበር፤ መመሪያው ዜሮ ይላል።
ዜሮ ግን ባዶ እጁን ከሐይቅ የተመለሰ ሰው ይመስላል።
ባዶ ልተወው? ባዶ ማለት ጭራሽ ያልነበረ፤
ቢያድግልኝ ግን ነበረ፣ ስሙም እዚህ ቀረ።

ደልጊ ደወልኩ። መስመሩ እየተቆራረጠ፣
«አባቱ…» አለኝ ጋሽ ሙጨ፣ ድምፁ እየሰለጠ፣
«አባቱ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። ማሽኑ ምን ይላል? ይለኛል።
ምን ልጻፍ ነበር?»

አንዲት መስመር ጨመርኩ፦
ቁጥር ካልሆነ፣ እንዳለ ይለፍ።

ሐሙስ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ፤
ደንገል የሰነጠቀው እጅ።
«አዲሷ ጸሐፊ ነሽ? ማሽኑ ምን ይላል?»
ቢያድግልኝን ጠየቅሁ። ልባሱ ገባ፣ ፈለገ፣
ይዞ ወጣ፣ ደጃፉ ላይ ቆመ፣ ምንም አላደረገ።

«ገና ነው ይላል» አልኳቸው።
ባርኔጣቸውን ደፉ።
«በኪሎም?»
«በኪሎም።»